መብራቱን ማን ያጥፋው?

(የመግቢያ ዜማ፦ ማሲንቆ። ቀስ በቀስ ይጠፋል።)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ደባርቅ ላይ ያድራል። ጋቢ ያላችሁ ደረብ አድርጉ። ከጎንደር ተነስተን አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ የምናገኛት ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከእሷ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወጣል፣ ሌላው በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል።

የልጃችሁን ምደባ ሰምታችሁ «ደባርቅ? እሱ ደግሞ የት ነው?» ያላችሁ ወላጆች ትኖሩ ይሆናል። ዝግጅቱ በተለይ ለእናንተ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ «አራተኛ ትውልድ» ከሚባሉት 11 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም ነው። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው፣ ትንሽም ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ትንሽነት ነው፤ ተማሪ በትንሽ ቦታ ሲኖር ከክፍል ውጭ ምን ይማራል?

እስቲ አንድ ዶርም ውስጥ እንግባ። ትዕይንቱን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ካምፓስ የኖረ ሰው ግን «ዋሽተሃል» እንደማይለኝ አውቃለሁ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር፣ አንድ አምፖል። ከላይኛው አልጋ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው የሳበ ልጅ «ኧረ መብራቱን አጥፉት!» ይላል። ታች ሞጁል ላይ ያቀረቀረው «ነገ ሚድ አለብኝ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሠኝ» ብሎ ይመልሳል። «ቀኑን ሙሉ ላውንጅ ተጎልተህ ትውልና ማታ ማታ ቸካይ ትሆናለህ! ድሮስ ከሰነፍ ምን ይጠበቃል?» ይህን ጊዜ ከጥጉ አልጋ ሳቅ ይፈነዳል። ታች ያቀረቀረው ልጅ የሚያነበው ሞጁል የሎጂክ ነበር፤ ያነበበውም ሐሳቡን ትቶ ባለሐሳቡን መዝለፍ ምን ዓይነት የአመክንዮ ስሕተት እንደሆነ ነው።

ነገሩን እንየው። ያኛው ያቀረበው ምክንያት «ነገ ፈተና አለብኝ» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ግማሽ ሰዓት ለመጠየቅስ ይበቃል? መልስ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ቀን የት እንደዋለ ግን ሌላ ክስ ነው። ሰነፍም ቢሆን ነገ ፈተና አለበት። አሁን ደግሞ ሌላው ልጅ ተነስቶ «እጅ እናውጣ!» ቢልስ? አምስቱ «ይጥፋ» ቢሉ ትክክለኛ መልስ ተገኘ ማለት ነው? ብዙ ሰው ስላለው ብቻ እውነት ነው ማለት በሞጁሉ ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው ስሕተት ነው። ለመኝታ ሰዓት ግን እጅ ማውጣት ምንም አይልም፤ እዚያ የምንፈልገው ስምምነት እንጂ እውነት አይደለምና። እውነትና ስምምነትን መለየት ስንቱን ትልቅ ሰው፣ ስንቱን ስብሰባ እንዳቃተው አስቡት። ስድስት ልጆች ግን በአንድ አምፖል ሊማሩት ይችላሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ የሎጂክ ትምህርት ወደ ሁሉም ተማሪ የመጣው በ2012 ዓ.ም ነው። ያኔ ብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ በአንድ ዓመት ተራዘመና አዲስ ገቢ ሁሉ፣ ወደፊት መሐንዲስም ይሁን ሒሳብ ሠራተኛ፣ የፍሬሽማን ኮርስ የሚባሉትን እንዲወስድ ተደረገ። ሎጂክ አለበት፣ ሳይኮሎጂ አለበት፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ አለበት፣ አንትሮፖሎጂ አለበት፣ ሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ቀርቶ የሰውነት ማጎልመሻም አለበት።

ከዚህ ጀርባ ያለው ሐሳብ በውጭው ዓለም «ሊበራል አርትስ» ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ ፖለቲካ ወይም ሥዕል እንዳይመስላችሁ። መነሻው ጥንታዊ ነው፤ ለነፃ ሰው የሚገባ ዕውቀት ለማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባት ነበሩ፦ ሰዋስው፣ አመክንዮ፣ የንግግር ጥበብ፣ ከዚያ የቁጥር ትምህርት፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንደ አምኸርስትና ስዋርትሞር ያሉ ኮሌጆች በዚሁ መንገድ ያስተምራሉ። የእያንዳንዳቸው ተማሪዎች 2,000 እንኳ አይሞሉም። ተማሪው ግቢው ውስጥ ይኖራል፣ መጀመሪያ ከየዓይነቱ ይቀምሳል፣ ሙያውን ቆይቶ ይመርጣል፣ ከመምህሩ ጋር በስም ይተዋወቃል።

አሁን እነዚያን ሰባቱን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ዙሩ። ዜማ ቤት ሙዚቃው አለ። ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ የሚያወርድ ተማሪ ሰዋስው እየተማረ ነው፤ ሰምና ወርቅ ሲያስማማ ደግሞ የንግግር ጥበብ። ባሕረ ሐሳብ የቁጥርና የሥነ ፈለክ ትምህርት ነው፤ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል በእሱ ይታወቃል። ይህ አገር ዕውቀትን በልዩ ልዩ ጉባኤ እየዞሩ መሰብሰብን የለመደው ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ስም ከመምጣቱ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ነው።

የዕለት ኑሮውን ደግሞ ከዶርሙ ጎን አስቀምጡት። የቆሎ ተማሪ አገሩን ትቶ ይሄዳል፤ የስሜኑ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤት፣ የጎጃሙ ለአቋቋም ወደ ጎንደር። ሆን ብሎ ነው የሚርቀው፤ እናቱ ደጅ ተቀምጦ ማን ይማራል? ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ራሱ ይቀልሳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ስለ ማርያም ይላል፤ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል። ቅኔ ቤት ከሆነ ቀን ጫካ ለጫካ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለነገራ፣ የቆጠረውን ለማሰማት፣ ይቀርባል። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ታስለቅሳለች። መምህሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀድመውት የገቡት ያርሙታል፣ ይሳለቁበታል፣ ደግመው ያስነሱታል። እኔ ከዚህ ሥርዓት የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ተማሪ ተማሪን ያስተምራል። መምህሩ አንድ ነው፣ ማስተማሩ ግን የሁሉም ነው።

በእርግጥ እያሞገስኩት ብቻ አላልፍም። ረኀቡ ረኀብ ነው፣ ቁንጫው ቁንጫ ነው፤ ሴት ልጅም እዚያ ጉባኤ ያገኘችው ቦታ እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ ደባርቅ ግቢ ውስጥ የሴቶች ዶርም መብራቱ ሲበራ ማየት ይህን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ)

ዘመናዊው ኮሌጅ ሲጀመርም ትንሽ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም አራት ኪሎ ላይ ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ነበሩ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው። የአርትስና የሳይንስ ትምህርት ነበር የሚሰጠው፤ ተማሪውም አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል። በዓመት አንድ ጊዜ ይከበር በነበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥማቸውን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሰማው በዚያ መድረክ ነው። ርእሱን ብቻ ስሙት፤ ማን ፊት እንደተነበበ አስቡና የቀረውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ዶርም ውስጥ ማታ ማታ የተብላላ ነገር አንድ ቀን አደባባይ ይወጣል።

ከዚያም በ1957 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ፤ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ አገለገለ፣ አብዛኛውም አስተማሪ ሆነ። የከተማ ልጅ አገሩን በእግሩ ያወቀበት ጊዜ ነው። በእኛው አካባቢም ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ገና ከጅምሩ ወደ ገጠር ያወጣ ነበር። የእሱ ወራሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳባት ላይ የሕዝቡን ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለው። ዳባትን ቡና ለመጠጣት ብቻ የሚቆምባት ከተማ አድርጎ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን አያውቅም።

ወደ ደባርቅ እንመለስ። አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ኮርስ ብርድ ነው። ምደባው ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ነውና ከሞቃት ቆላ የመጣ ልጅ በአንድ ሸሚዝ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ማግስቱን ሰልባጅ ተራ ይሄዳል። ጠዋት ቧንቧ ሲከፍት ውሃው ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ፊቱን በሦስት ጣት ያብስና «ታጠብኩ» ይላል። ወላጆች ሆይ፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ አምስት ሱሪ ተዉትና አንድ ወፍራም ጃኬትና ጋቢ ክተቱ። ይህ ምክር ብቻውን የዛሬን ዝግጅት ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ኮርስ ካፌ ነው። ሰልፍ አለ፣ የምግብ ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ ምልክት የሚያደርግ ቲከር አለ። ሽሮው በስንት ስም እንደሚጠራ ተማሪ ጠይቁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ 22 ብር ከተማ ውስጥ ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ የዚያን ጊዜውን ሽሮ ቅጥነት ይረዳል። ገንዘቡ ግን ነፃ ስጦታ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ካፌውን ትቶ ብሩን በእጁ የሚቀበለው «ነን ካፌ» ይባላል። ከጓደኛ ጋር እያዋጣ ውጭ ይበላል፤ ወሩ ሳያልቅ ብሩ የሚያልቅበትም አለ። እሱም ኢኮኖሚክስ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። ፍሬሽማን ሳለሁ የምግብ ካርዴን ከሱሪዬ ጋር አጠብኩት። ሲደርቅ ፎቶዬ ጠፍቶ ፂም ያበቀለ ሽማግሌ የመሰለ ጥላ ብቻ ቀረ። ቲከሩ ካርዱን አገላበጠው፣ እኔን አየኝ፣ «ይኼ አባትህ ነው?» አለኝና መለሰኝ። አዲስ ካርድ እስኪወጣ ቀናት ፈጀ። እነዚያን ቀናት የበላሁት የዶርም ጓደኞቼ በፔስታል ጠቅልለው፣ ጃኬታቸው ሥር ደብቀው የሚያወጡትን ዳቦ ነው። አንደኛው ቋንቋዬን በቅጡ አይችልም፣ እኔም የእሱን አልችልም። ማታ ዳቦውን ትራሴ ላይ ያስቀምጥና በጣቱ «ብላ» ይለኛል። የአንትሮፖሎጂ ፈተናዬ ላይ ምን እንደጻፍኩ ዛሬ አላስታውስም፤ ያን ጣት ግን አስታውሳለሁ።

በሴቶቹ ዶርም ደግሞ የእሑድ ቡና አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፤ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ ካገኘችው ትወስደዋለች። ግን ቡና ሲቆላ ሽታውን የት ይደብቁታል? አንዳንዷ ፕሮክተር መጥታ ትቆጣና፣ ትንሽ ቆማ፣ «አቦል ደርሷል?» ትላለች።

(የሳቅ ድምፅ፤ አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር። የፍሬሽማን ኮርሶችን ብዙ ተማሪ እንደ መሻገሪያ ድልድይ ያያቸዋል። የሚፈለገው ጥሩ ግሬድ ሰብስቦ የተመኙት ዲፓርትመንት መግባት ነው። ሞጁሉ ይሸመደዳል፣ ፈተናው ይታለፋል፣ ሞጁሉ ለቀጣዩ አዲስ ገቢ ይሸጣል። በተማሪው ብቻ አልፈርድም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመውጫ ፈተና ተጨመረ። በሁለት ፈተና መካከል የተያዘ ልጅ «ይህ ነጥብ ያመጣልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። መምህሩም ቢሆን ትልቅ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዞ ስላይድ ከማንበብ ያለፈ ምን ያድርግ?

ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ግን ዕድል አለው። ትንሽ ከተማ ውስጥ መምህሩና ተማሪው በአንድ ምግብ ቤት ሽሮ ይበላሉ፣ ዓርብ ማታ በአንድ መንገድ ይራመዳሉ። ጥያቄህን ክፍል ውስጥ ብታፍር መንገድ ላይ ትጠይቀዋለህ። የከተማው ሰውም ተማሪውን ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ዱቤ የምትሰጠው ባለሱቅ። ዱቤ ራሱ ሥነ ምግባር ነው፤ ስምህ ደብተሯ ላይ ካለ በሌላ መንገድ ዞረህ መሄድ አትችልም፣ ከተማዋ ሌላ መንገድ የላትማ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጂኦግራፊው ነው። ሞጁሉ ውስጥ የአገራችን የአየር ጠባይ ክልሎች በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል፦ ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ገደማ ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ደባርቅ ያለ ተማሪ ይህን ሠንጠረዥ ዶርም ዘግቶ ሲሸመድድ ሳይ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሠንጠረዡ እኮ በር ላይ ቆሟል! ወደ ምሥራቅ፣ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ብትወጣ ውርጭ ነው፣ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ታየዋለህ፤ ከዝንጀሮ ዘር ሣር ዋና ምግቡ የሆነው እሱ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኝም። ከዚያ አልፎ ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ላይ አለ። ወደ ሰሜን በሊማሊሞ ብትወርድ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ከደጋ አውጥቶ ወይና ደጋ፣ ከዚያም ቆላ ያገባሃል። የገደሉ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ንብርብሩን ከመኪና መስኮት መቁጠር ይቻላል።

አንድ ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ይህን መንገድ ስወርድ አጠገቤ አንድ ተማሪ ተቀምጦ ነበር። ድብ ባሕር ነው አገሩ። ደባርቅ ስንነሳ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ነበር፤ በመስኮት የሚታየው ገብስ ነው። ጠመዝማዛውን ስንጀምር ፎጣውን ፈታ። ጥቂት እንደወረድን የጃኬቱን ዚፕ እስከ ደረቱ ከፈተ። ሌላ ጥምዝ፤ ጃኬቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገው። ጆሮዬ ድፍን አለና ተከፈተ። ታች ስንደርስ ሹራቡንም አውልቆ እጅጌውን ጠቅልሎ ነበር፤ በመስኮት የሚታየው ማሽላ ሆኗል። ሁሉንም ፔስታል ውስጥ አጣጥፎ ከተተ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወርደው?» አልኩት።

«የት ጋ ምን እንደማወልቅ ስለማውቅ ነው፤ ሚዛኑ አለኝ» አለና ሳቀ።

ድብ ባሕር ስንደርስ «ወራጅ!» አለ። በሩን ከመዝጋቱ በፊት «ሰኞ ፈተና አለብኝ፣ ጂኦግራፊ» አለኝ። ሞጁሉን አላመጣውም ነበር።

(የመዝጊያ ዜማ)